ነፋሱ ሰሜን ነው

ሟቹ ፊቱን ወደ እሳቱ አዙሮ ነበር የወደቀው። በሃያ ሦስት ዓመት የፖሊስ ሥራዬ እሳት የበላው ሰው ሬሳ ብዙ አይቻለሁ፤ ሁሉም ጀርባቸውን ለእሳቱ ሰጥተው፣ ወደ በር ወይም ወደ መስኮት ተዘርግተው ነው የተገኙት። ይሄኛው ግን እንግዳ ሊቀበል እንደወጣ ሰው ፊት ለፊት ገጥሞት ቆይቶ በጀርባው ወድቋል። በቀኝ እጁ የሩጫ ሰዓት ጨብጧል። ሰዓቱ ቀልጦ ከጓንቱ ጋር ተጣብቋል።

«ዶክተሩ ነው» አለኝ የእሳት ቡድኑ አለቃ፤ አንገተ ወፍራም፣ ድምፁ በጭስ የሻከረ ሰው። «እሳት የሚያጠናው። እንዴት እንደሚነሳ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ፣ የት ላይ እንደሚደክም። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም።»

ዓርብ እኩለ ቀን ነበር። እሳቱ ጠፍቷል ብለውኛል፤ መሬቱ ግን አልሰማም። የዛፎቹ ሥር ከመሬት በታች እየነደደ ስለነበር እዚህም እዚያም ከትናንሽ ቀዳዳዎች ጭስ ብቅ ይላል። በየመሃሉ አንድ ዛፍ ማንም ሳይነካው፣ ቅንጣት ነፋስ ሳይኖር ገደል እንደገባ መኪና ይንኳኳና ይወድቃል። ከቡድኑ ሰዎች አንዳቸውም ዞር አይሉም። እኔ ግን በወደቀ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይል ነበር፤ አልደብቅም።

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አልኩት።

«ዛሬ የሙከራ እሳት ነበረን። ይቺን ቦታ፣ ሁለት መቶ ሜትር በሁለት መቶ፣ ዙሪያዋን አጽድተን እኛው ለኩሰን እኛው ልናጠፋት። ዶክተሩ መሣሪያዎቹን ሊያይ ቀድሞ ገባ። እኛ ገና ሳንለኩስ ከታች፣ ከደቡብ በኩል እሳት መጣ። ለመጮህ እንኳ ጊዜ አላገኘንም።»

«ከታች ምን አለ?»

«ከሰል አክሳዩ።» ይህን ሲል ዓይኔን አላየኝም። «ባለፈው ወር ዶክተሩ ከሰሉን አስፈርሶበት ነበር። 'አንድ ቀን እሳቱ አንተኑ ይበላሃል' ሲለው አምስታችንም ሰምተናል።»

ከሰል አክሳዩን ቀድመው ይዘውታል። እጁ ጥቁር ሆኖ ተያዘ አሉኝ። ዳቦ ጋጋሪ ዱቄት ነክቶት ተያዘ እንደማለት ነው፤ ቢሆንም መዘገብኩት።

ወደ መኪናዬ ስመለስ አንድ ሽማግሌ በጭነት መኪናው መረገጫ ላይ ተቀምጦ አየሁ። ሁለት እጆቹ እስከ ክንዱ ድረስ በፋሻ ተጠቅልለዋል። ከኮረብታው ላይ ሆኖ ጫካውን የሚጠብቀው የማማው ሰው ነው፤ ሁሉም ጋሼ ይሉታል። ጭሱን ሲያይ ማማውን ጥሎ ቁልቁል ሮጦ መጥቶ፣ በዶክተሩ ላይ የወደቀውን የሚነድ ግንድ በባዶ እጁ ነው ያነሳው። ሰዎቹ በጉልበት ባይጎትቱት እሱም ቀርቶ ነበር ተባልኩ።

«ጋሼ፣ እግዜር ይማርዎት» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ፤ የሰማኝ ግን አይመስለኝም።

*

ከሰል አክሳዩ አርባ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው። ጣቢያው ውስጥ አስገብቼው ስቀመጥ ከእሱ ይልቅ እናቱ ናት ያስጨነቀችኝ። በሩ ላይ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ በገባሁና በወጣሁ ቁጥር «ጌታዬ፣ ከእሱ ሌላ ሰው የለኝም» ትላለች። አታለቅስም። አድራሻ እንደምትነግረኝ ዓይነት ነው የምትለው።

«ብለሃል አይደል? 'እሳቱ ይበላሃል' ብለሃል።»

«ብያለሁ። ሚስቴንም በጠዋት 'ገደል ግቢ' ብያታለሁ። ገብታለች?»

«አትቀልድብኝ። የሰው ነፍስ ነው፤ ከተፈረደብህ ዕድሜ ልክህን ነው።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ከሰል ሳከስል አልተኛም። ክምሩ በአፈር ተደፍኖ አራት ቀን ነው የሚቆየው። የጣት ቀዳዳ ታህል አየር ከገባችበት በአንድ ሰዓት ከሰሉ አመድ ይሆናል። ሂድና ክፈተው። አመድ ካገኘህ እሳቱ ከእኔ ነው የወጣው፤ ያኔ እንደፈለግክ አድርገኝ። ከሰል ካገኘህ ግን ልቀቀኝ።»

የፖሊስ አለቃዬ ስልክ ደወለ። ሰውዬው ዝቷል፣ ቦታው ላይ ተገኝቷል፣ አምስት ምስክር አለ። «ሰኞ ጠዋት ፋይሉ ዐቃቤ ሕግ ጠረጴዛ ላይ ይሁን» አለኝ። አምስት ምስክር አንድ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ሲደግሙልኝ እኔን ግን ያሳክከኛል። ጎረቤት እንኳ ስለ አንድ ጠብ አምስት ዓይነት ነው የሚያወራው።

*

ዓርብ ከሰዓት የዶክተሩ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ኩሽና ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ጸጉሯን በጨርቅ የጠቀለለች ሴት። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ የመገናኛ ሬዲዮ ይንሾካሾካል።

«እግዜር ያጽናዎት።»

«አሜን። ሬዲዮውን አላጠፋውም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «መስማት ብቻ ነው የሚችለው። እሱ ነው ያመጣልኝ፣ ጫካ በሚውልበት ጊዜ እንዳልጨነቅ። ማማውና አለቃው ሲነጋገሩ እየሰማሁ ነው ምሳ የምሠራው።»

«ዛሬስ ሰምተው ነበር?»

ጨርቋን አስተካከለች።

«አለቃው 'ማማ፣ ነፋስ ስጠኝ' አለ። ጋሼ 'ነፋሱ ሰሜን ነው' አለ። አለቃው 'ሰሜን፣ ሰማሁ' አለ። ከዚያ…» እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ከዚያ ትንፋሽ ሰማሁ። ቃል የለውም። አንድ ሰው ሊናገር አየር ስቦ ሳይናገር ቀረ። እሱ ነው፣ ኢንስፔክተር። የመጨረሻ ትንፋሹ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አጠገቤ የተኛ ሰው ነው፤ ትንፋሹ አይጠፋኝም።»

ራሴን ነቀነቅሁና ደብተሬ ላይ «ትንፋሽ» ብዬ ጻፍኩ። ቤቴ ስገባ ኮቴ ጭስ ጭስ ይሸታል። አውጥቼ ገመድ ላይ ሰቀልኩት፤ ሽታው ግን ክፍሉ ውስጥ ቀረ።

*

የዶክተሩ ረዳት ሠላሳ ያልሞላት፣ ፈጣን አንደበት ያላት ሴት ናት። ዓርብ ዕለት ሥራ አልገባችም። «አሞኝ ነበር» አለችኝ፤ የቤት አከራይዋ ግን በጠዋት ዘንጣ ስትወጣ እንዳየቻት ነገረችኝ። የሟቹን ጥናት ማን እንደሚወርስ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ስጠይቃት ፊቷ በእንባ ታጠበ። ሌላ መሥሪያ ቤት የቅጥር ፈተና ላይ ነበረች፤ ፈታኞቹም አረጋገጡልኝ። «ሳልነግረው ልለቅ ነበር። ያን ቀን ብኖር ኖሮ አይሞትም ነበር» አለች። ሌላ ጥያቄ ሳልጨምር ጫካ ይዣት ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። መጀመሪያ የከሰሉን ክምር በአካፋ ከፈትነው። አፈሩ እንደተደፈነ ነው። ውስጡ ያለው ከሰል ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፤ ሁለቱን አንስቼ ሳጋጫቸው እንደ ብርጭቆ ጮኹ። እናቱ ትዝ አለችኝና ሰውነቴ ቀለል አለው።

ረዳቷ ዞራ ዞራ ግማሽ የተረፈ ቁጥቋጦ አጠገብ ቆመች።

«ይህን ይዩት። እሳት ሲያልፍ ቅጠሉ ይደርቅና በዚያች ደቂቃ ነፋሱ ወዳጎነበሰው በኩል ዞሮ ይቀራል። ፎቶ እንደተነሳ ነው። ሁሉም ወዴት ያያሉ?»

«ወደ ሰሜን።»

«ስለዚህ ነፋሱ ከደቡብ ነበር። እሳቱም ከደቡብ ጠርዝ ነው የተነሳው። ከጀርባው ነፋስ የያዘ እሳት ማለት ነው። ፈረስም አያመልጠውም።»

«እሱስ ለምን አልሮጠም? ፊቱን አዙሮ ነው የሞተው።»

ከቁጥቋጦው ራቅ ብላ ቆመች። ከዚያ ራሷ አሳየችኝ። እጇን እንደ ሩጫ ሰዓት ጨብጣ፣ ፊቷን ወደ ደቡብ አድርጋ፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ ተራመደች።

«እንዲህ ነበር የሚሠራው። የሙከራ እሳት ሁልጊዜ ነፋሱን ፊት ለፊት እንዲገፋ ነው የሚለኮሰው፤ ያኔ እሳቱ ጉልበት አያልፍም፣ የሚሄደውም እንደ ሕፃን ነው። እሱ ፊት ለፊቱ ሆኖ ወደ ኋላ እየተራመደ በደቂቃ ስንት እርምጃ እንደሚሄድ ይቆጥራል። አብዷል ይሉታል፤ ዘዴው ግን ተሳስቶ አያውቅም። ሰዓቱን የሚጫነው ደግሞ…» የጨበጠችውን እጇን አየች። «ሲለኮስ ነው። ለኳሹ እጁን ሲያነሳለት።»

ሁለታችንም ባለንበት ቆምን። ዶክተሩ ያልጠበቀው እሳት ቢመጣበት ኖሮ ሰዓት አይጨብጥም ነበር። እሱ እሳቱን ይጠብቀው ነበር። የለኮሱት የራሱ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ደግሞ እንደ ሕፃን የሚሄድ እሳት እየጠበቀ ቆሞ ቀረ።

ከጀርባችን አንድ ዛፍ ወደቀ። ረዳቷ ክንዴን ያዘች፤ እኔም አልተቃወምኩም።

*

አለቃውን መሣሪያ ቤት ውስጥ፣ ቱቦ ሲጠቀልል አገኘሁት።

«ለኩሳችኋል» አልኩት።

ቱቦውን መጠቅለል አላቆመም። «ማስረጃህ ምንድን ነው?»

«ቅጠል፣ ከሰልና የሩጫ ሰዓት።»

«ቅጠል ይዘህ ነው ዐቃቤ ሕግ ፊት የምትቀርበው?»

እውነቱን ነው። ቢሆንም አልሄድኩም። እኔ ብዙ ችሎታ የለኝም፤ አለመሄድ ግን እችልበታለሁ። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ቱቦውን ጣለና ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ያ ወፍራም አንገት ወደ ፊት ተደፋ።

«ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ። በጽሑፍ አልፈርምም፤ ልጆቹም አይፈርሙም፤ ሁሉም ቤተሰብ አለው። ለኩሰናል። ነፋስ ጠየቅኩ፣ 'ሰሜን' ተባልኩ። ነፋስ ከሰሜን ከመጣ የሚለኮሰው ደቡብ ጠርዝ ነው፤ እሳቱ ነፋሱን እየገፋ ይሄዳል። ለኮስኩ። ዶክተሩ እጁን አነሳልኝ። ሳቀ እንኳ። ከዚያ…» መዳፉን ፊቱ ላይ ጫነው። «አልሰማሁም መሰለኝ። ጋሼ ሌላ ነገር ብሎ እኔ ሰሜን ብዬ ሰምቼ ይሆናል። ሰው ገደልኩ።»

«ነፋሱን ራስህ አታውቀውም?»

«ዛፍ ሥር ነፋስ የለም። ቢኖርም ዞሮ ዞሮ ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው ማማ ያለን።»

ከኪሱ በላብ የራሰች ማስታወሻ ደብተር አወጣ። «4፡15፣ ሰሜን» ትላለች።

«'ሰሜን' ስትል ከሰሜን ነው ወደ ሰሜን?»

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ያየሁት ድንጋጤ የእውነት ነው፤ ጥያቄው ለራሱ መጥቶለት አያውቅም።

«ድሮ ሰዉ ሁሉ የሚሄድበትን ነበር የሚለው። ዶክተሩ ነው ደንብ ያወጣው። እዚህ ጫካ ማንም ሰው ነፋስ ሲጠራ 'ከ' ሳይል አይጠራም። 'ከሰሜን'፣ 'ከደቡብ'። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። አሁን ለምደነዋል፤ 'ሰሜን' ቢሉህም ጆሮህ 'ከ'ዋን ራሱ ይጨምራታል።»

«ለምን አወጣው?»

«ከዚያ እሳት በኋላ ነው። የጋሼ ልጅ የሞተበት። አብሮኝ ነበር የሚሠራው። አቅጣጫ ጠፋበትና ወደ እሳቱ ሮጠ ተባለ።»

«ሌላ ጥያቄ። ዶክተሩ ሬዲዮ ይዞ ይገባል?»

«በጭራሽ። መሣሪያዬን ያውክብኛል ይላል። ሬዲዮው መኪናው ውስጥ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነው።»

ሄጄ አየሁ። መቀመጫው ላይ፣ ከውሃ ኮዳው አጠገብ ተቀምጧል፤ ጭስ እንኳ አልነካውም። በዚያ መስመር ላይ መናገር የሚችሉ ሬዲዮዎች ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱ እዚህ ነው። ሁለተኛው አለቃው እጅ ላይ ነበር፤ እሱ ደግሞ «ሰማሁ» ብሎ ቁልፉን ለቆ ለመለኮስ ጎንበስ ብሏል።

የቅዳሜን ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤት አሳለፍኩት። የድሮውን ሪፖርት አገኘሁ። «ሟች አቅጣጫ በመሳት፣ በራሱ ጥፋት» ይላል። ያን ዕለት ለቡድኑ ነፋስ በሬዲዮ ይሰጥ የነበረው አዲስ የመጣ ተመራማሪ ነው፤ ፊርማው የዶክተሩ ነው። የ«ከ» ደንብ የወጣው ልጁ በተቀበረ በዘጠነኛው ቀን ነው። ለምን እንደወጣ አንድ መስመር የለም። ቀጥዬ የማማውን የድሮ ደብተሮች እየገለበጥኩ አመሸሁ፤ አንዴ እንኳ «ከ» የሌላት ነፋስ አላገኘሁም።

*

ማማው ዘጠና ሁለት ደረጃ አለው። ቆጥሬያለሁ፤ ከስልሳ በኋላ ከመቁጠር ሌላ የሚያበረታኝ ነገር አልነበረም። እሑድ ረፋድ ነው። ጋሼ እረፍት ተሰጥቶት ተተኪ ተመድቦ ነበር፤ ተተኪውን ወደ ቤቱ ልኮ ራሱ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

«ሌላ የምሄድበት የለኝም» አለኝ ሳልጠይቀው። «ተቀመጥ፣ ልጄ። ደረጃው ለእንግዳ ክፉ ነው።»

ከታች የተቃጠለው ቦታ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ጭሱ አሁንም በቀጫጭኑ ይወጣል። ከዚህ ላይ ሲታይ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ሕፃንም ይናገራል።

ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ዓርብን ገለጥኩ። በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ «4፡10፣ ከደቡብ፣ መካከለኛ» ይላል። ከዚያ ወዲህ ያለው የተተኪው ጽሑፍ ነው።

«ይህን መቼ ነው የጻፉት፣ ጋሼ?»

«ሳይጠሩኝ በፊት ነዋ። ሁልጊዜ መጀመሪያ እጽፋለሁ።»

«በኋላ የታረመ እንዳይሆን?»

የተጠቀለሉ እጆቹን ከፍ አደረገ። «በምን እጄ?»

እንዲህ ብሎ መለሰልኝ። ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልገኝም ነበር፤ ግን ደስ አላለኝም። በሥራዬ ውስጥ ይቺ ሰዓት ስትመጣ ደስ የሚለው ሰው ካለ ባላውቀው ይሻለኛል።

«እዚህ 'ከደቡብ' ብለው ጽፈዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በሬዲዮ 'ሰሜን' አሉ።»

«የድሮው አባባል አፌ ላይ መጣ። ወደ ሰሜን ይነፍስ ነበር፤ ሰሜን አልኩ። ውሸት አልተናገርኩም።»

«አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አልተሳሳቱም። ደብተሮችዎን አይቻለሁ።»

መስኮቱን አየ።

«አለቃው 'ሰሜን፣ ሰማሁ' ሲልዎ ደግሞ ቁልፉን ተጭነው ነበር» አልኩ። «አየር ስበው ነበር። ከዚያ ለቀቁት። ትንፋሽዎን የሰማ ሰው አለ።»

ሬዲዮው ተንሾካሸከ። በመጨረሻ የተናገረው ለእኔ ሳይሆን ለመስታወቱ ነው።

«ማክሰኞ ዕለት ዶክተሩ እዚህ ወጣ። አንተ የተቀመጥክበት ላይ ተቀመጠ። 'ጋሼ፣ ልጅህ አቅጣጫ አልጠፋበትም' አለኝ። 'እኔ ነኝ። ምሥራቅ አልኩት። እኔ ከምሥራቅ ማለቴ ነበር፣ በትምህርት ቤት እንደዚያ ነው የተማርነው፤ እሱ ወደ ምሥራቅ መሰለው። ከእሳቱ እየሸሸ እሳቱ ውስጥ ገባ።' እንዲህ አለኝና አለቀሰ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ? እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ልጄን ስቆጣው ነው የኖርኩት። መቃብሩ ላይ ቆሜ 'የማማ ሰው ልጅ ሆነህ እንዴት አቅጣጫ ይጠፋሃል' ብዬዋለሁ። ሰው ሁሉ ሲለው እኔም ብዬዋለሁ።» ፋሻውን ዓይኑ ላይ አደረገ። «ጻፈው አልኩት። ያ ሪፖርት ይስተካከል። ምን አለኝ መሰለህ? 'የዘንድሮው ሙከራ ይለቅ፣ ጋሼ። አሁን ከጻፍኩ ሥራው ይቆማል። ለከርሞ እጽፈዋለሁ።' ለከርሞ!»

«ሊገድሉት አስበው ነበር?»

«እንዲፈራ ብዬ ነው፤ ልጄ የፈራውን አንዴ…» አቆመና ራሱን ነቀነቀ። «አይ፣ አልዋሽህም። 'ሰሜን' ብዬ ስወረውረው ገና አላሰብኩም ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን 'ሰማሁ' ሲለኝ ነቃሁ። ቁልፉን ተጫንኩ። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። አየር ሳብኩ። አንዲት ቃል ናት። ከዚያ ጣቴን አነሳሁ። አውቄ ነው ያነሳሁት። ጭሱ ወደ ሰሜን ሲጋደም ሳይ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።»

ከሰል አክሳዩ ነገ ወደ ዐቃቤ ሕግ እንደሚሄድ፣ እናቱ አግዳሚው ላይ እንዳለች ነገርኩት። እንደማያውቅ ተረዳሁ፤ ከዓርብ ጀምሮ ማንም አልነገረውም። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሁሉንም እናገራለሁ። ግን የልጄ ነገር አብሮ ይጻፍ። እኔ ብቻዬን ካልኩት ሟች ላይ ላከከ ይሉኛል። ዶክተሩ ለእኔና ለሚስቱ ብቻ ነው የነገረው።»

*

ከማማው ወርጄ በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ መኪናዬን አቁሜአለሁ። እጄ ላይ ያለው ይህ ነው፦ አለቃው አይፈርምም፣ ቅጠል አይመሰክርም፣ ሽማግሌው ብቻውን አይታመንም። ያቺን የሬዲዮ ንግግር ከሥራው ውጭ ሆኖ የሰማ ሰው አንድ ብቻ ነው። ቃሏን ከሰጠች ቡድኑ ነፋስ ጠይቆ ሊለኩስ እንደነበር ይረጋገጣል፣ ከሰል አክሳዩ ይለቀቃል። ከሰጠች ግን ባሏ የሰው ልጅ አስገድሎ አሥራ ሁለት ዓመት የደበቀ ሰው ሆኖ ይቀራል። ቤቱ ደግሞ ለቀስተኞች እየገቡ «ምን ዓይነት ቅን ሰው ነበር» የሚሉበት ሳምንት ነው።

ሳልቀባባ ነገርኳት። ትንፋሹ ላይ ስደርስ እጇን አነሳች።

«የእሱ ነው» አለች።

«ሬዲዮው መኪናው ውስጥ ነበር፣ እትዬ።»

«የእሱ ነው አልኩዎት።» ከዚያ ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ወረደች። «ሁለት ቀን ሙሉ ያንን ስሰማ ነው ያደርኩት። ሊጠራኝ ነው ብዬ። ስሜን ሊጠራ አየር ስቦ ሳይደርስበት ቀረ ብዬ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለውን ነገር ከሰው ላይ መውሰድ ስርቆት ነው። ሥራዬ ባይሆን ኖሮ አላደርገውም ነበር።

«ስለ ልጁ ያውቁ ነበር?» አልኳት።

«ተኝቶ ሲወራጭ 'ከምሥራቅ፣ ከምሥራቅ' ይል ነበር። አብረን ከኖርንበት ዕድሜ ግማሹን። መጨረሻ ላይ ጠየቅኩት፤ ነገረኝ። ሁለት ወር አይሆነውም።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁ። እንድትፈርም አልገፋኋትም፤ ስለ ከሰል አክሳዩ እናት ግን ነገርኳት፣ አግዳሚው ላይ ስለምትለው ነገር። ይህም መግፋት ነው ካላችሁኝ አልከራከርም።

የጻፍኩትን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ባሏ ለጋሼ ልጅ ሞት ምክንያት መሆኑን የሚያወሳው መስመር ላይ ጣቷን ለረጅም ጊዜ አሳረፈች። እንድታስወጣው የምትለምነኝ መስሎኝ መልሴን ስፈልግ ነበር። እሷ ግን ብዕሩን አንስታ በእያንዳንዱ ገጽ ሥር ፈረመች።

«ሰውዬው ነገ ይፈታል?»

«ዛሬውኑ ይፈታል። እኔው ራሴ እከፍትለታለሁ።»

«ጋሼስ?»

«ልወስደው ነው። እየጠበቀኝ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። ወረቀቶቹን ሰብስቤ ስነሳ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። ግቢው ውስጥ የተሰበሰቡት ለቀስተኞች ወሬያቸውን አቁመው ያዩናል። እጄን ለመጨበጥ ዘረጋሁ፤ ያዘችኝና አልለቀቀችኝም።

«ኢንስፔክተር፣ ማክሰኞ ዕለት እሱ አልሄድም ብሎ ነበር። ፈርቶ ነበር። ኮቱን አልብሼ ያስወጣሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። «'ሂድና ንገረው፤ ጋሼ ደግ ሰው ነው፣ ምንም አያደርግህም' አልኩት።»